ሁለት ጣት ለእስትንፋስ

በእኛ ልብስ ስፌት ቤት ልኬት ጮክ ተብሎ ይጠራል። ለኪው ሜትሩን ከደንበኛው ደረት ላይ ሳያነሳ ቁጥሩን ይናገራል፤ ቆራጩ ከጣውላው ማዶ ቆሞ ይደግመዋል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ጠመኔ ጨርቅ ይነካል። ይህን ሥርዓት ያወጡት አባታችን ናቸው። «ወረቀት ይጠፋል፤ ሁለት ሰው የሰማው ግን አይጠፋም» ይሉ ነበር። ሁለተኛውም ሕግ የእርሳቸው ነው። ለኪው የሚጠራው የገላውን ልክ ብቻ ሲሆን፣ በዚያ ላይ ሁለት ጣት የሚጨምረው ቆራጩ ነው። ያችን ትርፍ «እስትንፋስ» ብለው ሰይመዋታል። ኮት የለበሰ ሰው ይተነፍሳል፤ ይስቃል፤ ሲብስበትም ያለቅሳልና።

ሁለቱ ወንድሞቼ መነጋገር ያቆሙት እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው።

ታላቁ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ቆራጭ ነው። ጠመኔ ከማንሳቱ በፊት ብዙ ያስባል፤ መቀስ ካነሳ በኋላ ግን አይመለስም። ታናሹ ለኪና ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን ሲያስነሳው ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ ሰፈሩ «መብረቅ» ብሎታል። እኔ በመካከላቸው ተወለድኩ፤ ሥራዬም የመካከል ሥራ ነው። ገበር እገጥማለሁ፤ ቁልፍ እተክላለሁ፤ ጠርዝ እዘጋለሁ። እናታችን ካረፉ ወዲህ ደግሞ ያልተቀጠርኩበት ሥራ ተጨመረልኝ።

«እትዬ፣ ለወንድምሽ ንገሪው፤ የዚህ ሱሪ ወገብ ጠቧል።»

ጋሼ ክንዱን ቢዘረጋ መብረቅን ይነካዋል። ዓይኑን ከጨርቁ ሳያነሳ ይመልሳል።

«ንገሪው፤ ወገቡ አልጠበበም፤ ባለቤቱ ነው የወፈረው።»

«ንገሪው፤ ደንበኛ አይወፍርም፤ ቆራጭ ነው የሚሰስት።»

«ሁለታችሁም ጆሮ አላችሁ» እላለሁ። «እኔ የስልክ እንጨት አይደለሁም።»

ግድግዳ የሚጋራን ፀጉር አስተካካይ፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥለት ሲያጣ እኛ ዘንድ መጥቶ ይቀመጣል። ይህን ሲሰማ ጉልበቱን እየመታ ይስቃል።

«ልብስ ስፌት ቤት መስሎኝ ነው የምመጣው። ለካስ አስተርጓሚ የሚቀጥር ኤምባሲ ነው!»

እኔም አብሬው እስቅ ነበር። ሳቁ ግን ከጥርስ አያልፍም።

ሱቃችን ያለው ከቅያሱ አፍ ላይ ነው፤ ቤታችን ደግሞ ከቅያሱ ሆድ ውስጥ። በመካከሉ ሸክም የያዙ ሁለት ሰዎች ቢገናኙ አንደኛው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ሌላውን ያሳልፋል። ይህን ቅያስ አስፍቶ መኪና የሚያስገባ መንገድ ይሠራል ከተባለ ቆይቷል። መጥተው ለክተዋል፤ በግድግዳችን ላይ ቀይ ቀለም አድርገው ሄደዋል። መንገዱ ከመጣ ሱቃችን ይሄዳል። እርሱ ካልሄደ ደግሞ የቅያሱ አፍ አይከፈትም።

በዚህ ጉዳይ ሐሳብ የሌለው ሰው አልነበረም። ሱሪው እስኪተኮስ የሚጠብቅ ሁሉ ሐሳቡን ይሰጣል። ጡረታ የወጡት መምህር «መንገድ የሥልጣኔ በር ነው» ይላሉ፤ ባለ ፀጉር ቤቱም «መምህር፣ በሩ በእኔ ወንበር ላይ ባይከፈት እኔም ሥልጣኔ እወዳለሁ» ይላቸዋል። አትክልት የምትሸጠው ጎረቤታችን፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን» ትላለች። እኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ቢጠይቁኝም የምመልሰውን ያወቅኩት ኋላ ነው።

የወንድሞቼ ጠብ መንገድ ይባል እንጂ ሥሩ ሌላ ነበር።

እናታችን የወደቁት ማለዳ፣ ፊታቸውን እየታጠቡ ሳለ ነው። ያን ጊዜ ወንድሞቼ ሱቅ ነበሩ፤ እኔ እየጮህኩ ሄጄ ጠራኋቸው። አምቡላንሱ ሳይዘገይ መጣ፤ ነገር ግን ከቅያሱ አፍ ላይ ቆመ። ከዚያ ወዲያ መግባት አይችልም። ጋሼ «እንጠብቅ» አለ። «ቃሬዛ ይዘው ይገባሉ፤ የማያውቅ ሰው ቢያነሳት ይሰብራታል።» መብረቅ አልጠበቀም። የመቁረጫውን ጣውላ ከቋሚዎቹ ላይ አንስቶ፣ በላዩ የነበረውን የሰው ጨርቅ መሬት ላይ ደፍቶ፣ ጣውላውን እየጎተተ ወደ ቤት ሮጠ። ቆይቶ ጋሼም ተከተለው። እናታችንን በጣውላው ላይ አስተኝተው ወጡ። ጋሼ በራስጌ፣ መብረቅ በግርጌ፣ አባታችን የእናታችንን እጅ ይዘው በጎን። ቅያሱ ለሦስት ሰው አይበቃም፤ የአባታችን ትከሻ የግድግዳውን ልስን እየፈቀፈቀ ሄደ።

ሐኪም ቤት ስንደርስ አልቆ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ መብረቅ «መንገድ ቢኖር እናቴ ትኖር ነበር» ይላል። ለደንበኛው ሁሉ ይላል። በአፉ የሚለው ይህን ነው፤ በዓይኑ የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ጋሼም ያነበዋል። «እንጠብቅ» የምትለዋ ቃል በሁለቱ መካከል ተቀምጣ አትነሳም። ጋሼ ስለዚያች ቃል አንድም ጊዜ አልተከራከረም። መንገዱን ግን ተቃወመ፤ ያውም እርሱን በማይመስል ንዴት። «ታችኛውን ሰፈር አፍርሰው ምን ሠሩበት? አቧራ። የእኛንም አፍርሰው ለአቧራ ነው የሚሰጡት።» በዚህም ሐሰት አልነበረበትም። ታችኛው ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ ነፋስ በተነሳ ቁጥር የሰው ቤት አፈር ጨርቃችን ላይ ያርፋል።

ስብሰባ ተጠራ። የቅያሱ አፍ ባለቤት አባታችን በመሆናቸው፣ በሕዝብ ፊት ቆመው መልስ እንዲሰጡ ተላከባቸው። ያን ዕለት ሁለት መልእክት ተቀበልኩ።

«እትዬ፣ ንገሪው» አለ መብረቅ። «አባባ እምቢ ካሉ እናቴ ሁለተኛ ሞተች ማለት ነው። በማግስቱ መኪናዬን ተሸክሜ ከዚህ ቤት እወጣለሁ።»

«ንገሪው» አለ ጋሼ። «አባባ እሺ ካሉ፣ እኔ ለዚህ ቤት ሁለተኛ መቀስ አላነሳም።»

ሁለቱም የተናገሩትን የሚፈጽሙ ናቸው፤ ከአንድ ጨርቅ የተቆረጡ መሆናቸው የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው። እንግዲህ አባታችን ግራ ቢሉ አንድ ልጅ ያጣሉ፤ ቀኝ ቢሉ ሌላውን። እናቴን ቀብሬ ሳልጨርስ ወንድም ልቀብር ነው ብዬ አሰብኩ። መልእክቱንም ለማንም አላደረስኩም፤ ሁለቱም እዚያው ቆመው ሰምተውታልና።

አባታችን እናታችን ካረፉ በኋላ ሱቅ መምጣት ትተው ነበር። የስብሰባው ወሬ በደረሳቸው ሰሞን አንድ ጠዋት በበሩ ላይ ቆሙ።

«ኮት ስፉልኝ» አሉ። «አሮጌውን ለብሼ ሕዝብ ፊት አልቆምም።»

አሮጌው ኮታቸው ሙሉ ሰው በነበሩበት ዘመን በገዛ እጃቸው የቆረጡት ነው። ከመስተዋቱ ፊት ቆመው አወለቁት። ሸሚዛቸው ብቻ ሲቀር፣ እኔ የያዝኩትን ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃተኝ።

መብረቅ ሜትሩን በደረታቸው ዙሪያ አዞረ። እጁ ቆመ። እርሱ ሲለካ እጁ ቆሞ አይቼ አላውቅም፤ ሰው ሳይተነፍስ ለክቶ የሚጨርስ ልጅ ነው። አባታችን በመስተዋቱ ውስጥ ይመለከቱታል። መብረቅ ፊቱን ከመስተዋቱ አዞረና ቁጥር ጠራ።

በሥርዓቱ መሠረት ጋሼ መድገም ነበረበት። አልደገመም፤ ወደ እኔ ዞረ። ደገምኩለት። በጠመኔው ጨርቁ ጥግ ላይ ምልክት አደረገ።

«ቁጥሬም ሽማግሌ ይላክበት ጀመር?» አሉ አባታችን። ከዚያም ሸሚዛቸውን ወደ ሱሪያቸው እየከተቱ፣ «ደረቴ አልቀነሰም ማለት ነው» አሉ። መብረቅ ሜትሩን አንገቱ ላይ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ጋሼ በማግስቱ ቆረጠ። ያን ጊዜ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር። ጠመኔውን ለእስትንፋስ ሁለት ጣት አሳለፈና ቆመ። ወደ ቅያሱ አየ። አባታችን ግድግዳውን እየተደገፉ ወደ ቤት ሲያዘግሙ ከጀርባቸው ይታዩ ነበር። ጋሼ ምልክቱን በክንዱ ጠረገና ሌላ መስመር አሰመረ፤ ከፊተኛው ወደ ውጭ። ከዚያ መቀሱን አነሳ።

መብረቅ ሰፋው። እኔ ገበሩን ስገጥም ኮቱ የሰፋ መሰለኝ፤ ግን የለካውም የቆረጠውም በእጁ የሚታወቅ ሰው ነው ብዬ ተውኩት። እንዲያውም ቁልፎቹን ወደ ጠርዙ አስጠግቼ ተከልኩ። በዚያ ሰሞን አባታችን ሳል ይዟቸው ተኝተው ነበር፤ በሳሉ ደረታቸው እንዴት እንደሚነሳ አይቻለሁ። ይተንፍሱበት አልኩ።

የቀረው ሙከራ ነበር። ማንኛውም ኮት ከማለቁ በፊት ባለቤቱ ገላ ላይ ይሞከራል፤ ይህ በእኛ ቤት ብቻ ሳይሆን በየትኛውም ቤት ነው።

«ንገሪው፤ እርሱ ወስዶ ይሞክርላቸው» አለ ጋሼ። «የለካው እርሱ ነው።»

«ንገሪው፤ መቀስ የያዘ ይሞክር» አለ መብረቅ። «ቢጎድል ቢተርፍ የሚያውቀው እርሱ ነው።»

አመላለስኳቸው። ዛሬ ሳስበው ሁለቱም ያን ኮት ይዘው ብቻቸውን አባታችን ክፍል መግባት ፈርተው ነበር። ያን ጊዜ ግን የተለመደው እልህ መሰለኝ። እኔ ስመላለስ አባታችን ከአልጋ ተነሱ፤ የስብሰባውም ቀን ደረሰ።

ስብሰባው የተጠራው ከሱቃችን ጥቂት አለፍ ብሎ ባለው የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። አባታችን በማለዳው ፊታቸውን ተላጭተው መጡ። ባለ ፀጉር ቤቱ ነበር የላጫቸው፤ ሥራውን ሊያስመርቅ ተከትሏቸው ገባ። ጋሼ ኮቱን በሁለት እጁ ከፍቶ ያዘላቸው። እጃቸውን ሰደዱ፤ ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ ወደ መስተዋቱ ዞሩ።

ኮቱ ዋጣቸው። ትከሻው ከትከሻቸው አልፎ ወደ ክንዳቸው ወረደ። አንገታቸው በአንገትጌው መካከል እንደ ደወል ምላስ ቀጥኖ ቆመ። ቁልፉን ቢቆልፉት ሌላ ሰው አብሯቸው የሚገባበት ስፍራ ተረፈ።

«ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለማኅበር?» አለ ባለ ፀጉር ቤቱ፤ ወዲያው ደግሞ አፉን በእጁ ያዘ። «ይቅርታ አባባ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሁለተኛውን እኔ ነኝ የማውቀው።»

አባታችን አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። የኮቱን ጫፍ ይዘው ገለጥ አደረጉና ገበሩን አዩ።

ጋሼ ከመብረቅ ፊት ሄዶ ቆመ።

«ስንት ጨመርክ?»

እናታችን ካረፉ ወዲህ ለወንድሙ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። መብረቅ የሚመልሰው ለእኔ ይሁን ለእርሱ ግራ ገብቶት አንድ ጊዜ አየኝ።

«የድሮውን ቁጥር ነው የጠራሁት» አለ። «በመስተዋት እያዩኝ... እውነቱን በፊታቸው ልጥራው? አንተ ብትሆን ትጠራው ነበር?»

«እኔ በዚያ ላይ ጨመርኩ።»

«እስትንፋሱን?»

«ከእስትንፋሱም ሌላ። ይወፍራሉ ብዬ።»

«እኔም ቁልፉን ወደ ጠርዝ ገፍቼዋለሁ» አልኩ።

አንድ አፍታ ሦስታችንም ልንስቅ የደረስን መሰለኝ። ግን መብረቅ አልሳቀም። ለወራት የታፈነ አፍ ሲከፈት ቀድሞ የሚወጣው ሳቅ አይደለም።

«ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለ። «ሙከራውን እምቢ ያልከው አንተ። ሁልጊዜ እንዲህ ነህ። እንጠብቅ፣ እንይ፣ ይቆይ! የዚያን ዕለትም እንጠብቅ ያልከው አንተ ነህ!»

ቃሉ ወጣ። ጋሼ ጣውላውን ያዘ።

«ቀጥል» አለ በዝግታ። «ጨርሰው። ገደልካት በል።»

«እኔ እንዲህ አልወጣኝም!»

«ለመንገደኛው ሁሉ ስትለው ነው የከረምከው። መንገድ ቢኖር እያልክ።»

«ዝም በሉ» አሉ አባታችን።

ድምፃቸው ከኮቱ ውስጥ ሲመጣ ከሩቅ ክፍል የመጣ ይመስል ነበር። በርጩማ ስቤላቸው ተቀመጡ። የኮቱ እጅጌ ጣታቸውን ሸፍኖታል፤ እጃቸውን ፈልገው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ጣውላውን ይዛችሁ ስትገቡ እናታችሁ አልፋ ነበር» አሉ። «እጇ እጄ ውስጥ ነበር። ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ፤ ከዚያ ለቀቀችኝ። እናንተ ያን ጊዜ ጣውላውን በበሩ ማስገባት አቅቷችሁ እያዘነበላችሁ ነበር።»

ከባለ ፀጉር ቤቱ ሱቅ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማል። እርሱ ራሱ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ጥቂት ቆይቶ ሬዲዮውም ዝም አለ።

«ታዲያ ለምን ተሸክመን ሮጥን?» አለ መብረቅ።

«ምን ልበላችሁ? አውርዷት ልበል? ልጅ እናቱን ተሸክሞ ሲሮጥ፣ ማን አፍ አውጥቶ ቁም ይለዋል?»

«ከዚያ ወዲህስ?»

አባታችን ተመልሶ የወረደውን እጅጌ ሰበሰቡ።

«ከዚያ ወዲህ አንተ መንገዱን ያዝክ፤ እርሱ ሱቁን ያዘ። እኔ የምይዘው አጥቼ ስቀመጥ፣ እናንተስ የምትይዙት አግኝታችኋል አልኩ። ባዶ እጃችሁን ላስቀራችሁ አልፈለግኩም።» ከዚያ ወደ መብረቅ ቀና አሉ። «ሜትር የማላውቅ መሰለህ? ቁጥሩን ስትጠራ ውሸት መሆኑን ሰምቻለሁ። ግን ደስ አለኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ።»

መብረቅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ጋሼ አላለቀሰም። ሁለት እጆቹን ዘርግቶ መዳፉን ያይ ነበር፤ ሲሸከም ኖሮ ያወረደ ሰው እንደሚያደርገው።

ከአዳራሹ በኩል በድምፅ ማጉያ ሰው መጥራት ተጀመረ።

«አሮጌውን ላምጣልዎ?» አልኩ።

«አሮጌውን አልለብስም» አሉ አባታችን። «ሦስት ልብስ ሰፊ ቆማችሁ አባታችሁ እንዲህ ሊወጣ ነው?»

ለስፌት ጊዜ አልነበረም። ስፒል አመጣሁ። ጋሼ ከጀርባቸው ቆሞ ጨርቁን በሁለት እጁ ሰበሰበ።

«ለካ» አለው ወንድሙን። «አሁን እውነቱን ጥራ።»

መብረቅ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ሜትሩን አዞረ። ቁጥሩን ጠራ። ትንሽ ቁጥር ነበር። ጋሼ ደገመው። ሁለቱ ድምፆች ተከታትለው ሲሰሙ፣ ያ ቤት ለወራት ምን ጎድሎት እንደነበር ገባኝ።

«ይህ ነው የቀረኝ?» አሉ አባታችን።

መብረቅ ከግራ፣ ጋሼ ከቀኝ ስፒል መውጋት ጀመሩ፤ እኔ የአንገትጌውን ያዝኩ። የስፒሉ መስመር ከጀርባቸው መካከል ተገናኘ። ከፊት ሲታዩ ኮቱ በልካቸው የተቆረጠ ነበር። ከኋላ ግን ጀርባቸው ሁሉ የብረት እሾህ ሆነ።

«ወደ ኋላ እንዳይደገፉ» አልኳቸው።

«ከመቼ ወዲህ ነው የምደገፍበት ያገኘሁት» አሉና ወጡ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። የመንገዱ መሐንዲስ ከፊት ተቀምጧል፤ ከበስተኋላው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል መንገዱን ሰፊና ቀጥ ያለ፣ በግራ በቀኙ ዛፍ የተተከለበት አድርጎ ያሳያል። መምህሩ ስለ ሥልጣኔ ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው። አትክልት ሻጯ ስለ ታችኛው ሰፈር አቧራ ተናገረች፤ ለእርሷም ተጨበጨበ። ያው ሕዝብ ነው ለሁለቱም ያጨበጨበው። የአባታችን ተራ ደረሰ።

ተነሱ። ሹማምንቱ ከፊት ሆነው ያዩት አንድ ሽማግሌ በሚያምር አዲስ ኮት ቆሞ ነው። እኛ ከኋላ ተቀምጠን ያየነው ስፒሎቹን ነው። በተነፈሱ ቁጥር መስመሩ ይከፈታል፤ ይዘጋል። ከግራዬ መብረቅ፣ ከቀኜ ጋሼ ነበሩ፤ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠዋል።

«መንገድ ያስፈልጋል» አሉ አባታችን። መብረቅ ቀና አለ። «ሰው ሲታመም ብቻ አይደለም። ሞቶም ሲወጣ ግድግዳ ሊፍቀው አይገባም።» ወደ መሐንዲሱ ዞሩ። «ነገር ግን የታችኛውን ሰፈር አቧራ እኛ ነን የምንተነፍሰው። ስለዚህ ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሩ። እየሠራችሁ ኑ። በሬ ላይ ስትደርሱ በሬን በገዛ እጄ ነቅዬ እሰጣችኋለሁ። ሠርቼ ሳልጨርስ ሂሳብ ጠይቄ አላውቅም፤ ከእናንተም የምለምነው ይህንኑ ነው።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። መሐንዲሱ ራሱን እየነቀነቀ፣ «ሐሳብዎ ተመዝግቧል» አለ።

«ተመዝግቧል ማለት ተቀብሯል ማለት ነው» አለ ባለ ፀጉር ቤቱ ከኋላችን፣ ቀስ ብሎ።

ወንድሞቼ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አባታችን እሺም እምቢም አላሉም። ማን ይውጣ፣ ማን መቀስ ይጣል? ሁለቱም የዛቱበት ነገር ከእጃቸው ወጣ። ወደ ሱቅ ስንመለስ መብረቅ የስፌት መኪናውን ዘይት ቀባ፤ ጋሼም መቀሱን ሳለ። በዚያው ዕለት ስለ አንድ ሱሪ ወገብ ተጣሉ። ፊት ለፊት፣ በጩኸት፣ ያለ አስተርጓሚ። ያን ጊዜ መምህሩ ጃኬታቸውን ሊወስዱ መጥተው ነበር፤ «አንቺስ ልጄ፣ ስለ መንገዱ ምን ትያለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «እኔ የምፈልገው እንዲህ ሲጮሁ መስማት ነበር» አልኳቸው። ያልገባቸው መሰለኝ።

የማፍረሻው ማሽን የመጣው ከእኛ በኩል ነው።

ከወዲያኛው ጫፍ የተነካ ድንጋይ የለም። ጋሼ «አላልኩም?» ለማለት ሙሉ መብት ነበረው። ቀኑን ሙሉ ጠበቅኩት፤ አላለም። መብረቅም ስለ መንገድ የሚናገረውን አጣ፤ ማሽኑን እያየ ቆሞ፣ «ከዚህ በኩል ለምን?» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቀ። ሹፌሩ «እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለ። እውነቱን ነው።

አባታችን ቃላቸውን አላጠፉም። ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ኮቱን ጀርባውን ፈትቼ በልካቸው አስገብቼዋለሁ፤ ለእስትንፋስ ግን ሁለት ጣት ትቼላቸዋለሁ፤ ከዚያ አንድ ክር አልጨመርኩም። የሱቁን በር ማጠፊያ አንድ በአንድ ፈትተው በሩን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ከዚያ ዕቃውን ወደ ቤት ማጋዝ ጀመርን። መስተዋቱ፣ የስፌት መኪናው፣ የክሩ ሳጥን። በመጨረሻ የቀረው ጣውላው ነበር።

ጋሼ በራስጌ፣ መብረቅ በግርጌ ያዙት። ያሰቡበት አይመስለኝም፤ እጃቸው እዚያ ሄደ። አባታችንም በጎኑ መጡና እጃቸውን ጣውላው ጠርዝ ላይ አሳረፉ። ባዶ ጣውላ ነው፤ ግን ሦስቱም ያነሱት ከባድ ነገር እንደሚያነሱ ሆነው ነው። ወደ ቅያሱ ገቡ። ከኋላቸው ሄድኩ።

ከቅያሱ መካከል ስንደርስ መብረቅ ፈጠነ። ለምን እንደፈጠነ እርሱም አያውቅም። ጋሼም ከእርሱ ጋር ፈጠነ። የአባታችን ትከሻ ግድግዳውን መፋቅ ጀመረ።

«አውርዱት» አሉ።

ወንድሞቼ ቆሙ። ወደ ኋላ አልዞሩም።

«አውርዱት፣ ልጆቼ። ዕረፉ።»

አወረዱት። ጣውላው ቅያሱን ከዳር እስከ ዳር ዘጋው። ጋሼ ከራስጌው፣ መብረቅ ከግርጌው መሬት ላይ ቁጢጥ አሉ። መብረቅ ግንባሩን ጣውላው ላይ ደፋ፤ ጋሼ በላዩ ተሻግሮ እጁን ማጅራቱ ላይ ጣለበትና እዚያው ተወው።

ከወዲያም ከወዲህም ሰው ተጠራቀመ። ከኋላዬ ሸክም ያጎበጠው አንድ ሰው፣ «ኧረ መንገድ ስጡ!» እያለ ጮኸ።

«ታዟል!» አለው ባለ ፀጉር ቤቱ፣ ወንበሩን በራሱ ላይ ተሸክሞ። «በመምጣት ላይ ነው!»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አባታችን ጣውላው ላይ ተቀመጡ። የኮታቸውን የላይኛውን ቁልፍ ፈቱ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ፣ እስትንፋሳቸው እስኪመለስ ጠበቅን።